የመስታወቱ ባሕር

ተክለወልድን ካርቲየ 6 የሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ሰው ተክሌ በረዶ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ጅቡቲ ላይ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ከሐኪም አያንስም፤ ሐኪሙም ቢሆን ፍሪጁ የተበላሸበት ቀን የሚጠራው ተክሌን ነው። አባቱ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ ወርደው ሐዲድ ሲያጠብቁ የኖሩ፣ እዚሁም የተቀበሩ ሰው ነበሩ። እሱም እዚሁ ተወለደ፤ ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ ሶማልኛውን ከሰፈር፣ አማርኛውን ከእናቱ ጓዳ ለቃቅሞ አደገ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ልጅ አልወለዱም። ንብረቱ የመሣሪያ ሳጥኑና ስሙ ነበር።

ስሙን ደግሞ ይወደው ነበር። አንድ ሰው ተክሌ የነካው ፍሪጅ ዳግመኛ አይሞቅም ካለ፣ ያልሰማ መስሎ አንገቱን ያቀረቅርና ሰውዬው እስኪደግመው ይጠብቃል። ክፉ ሰው አልነበረም። ለድሃ በነጻ ይሠራል፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል። ነገር ግን ሲሳሳት ያየው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱን ሲሳሳት አይቶ አያውቅም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ምሳውን የሚበላው ካርቲየ 4፣ ሰብለወርቅ ቤት ነው። ሰብለወርቅም እንደ እሱ የባቡር ሰዎች ልጅ ናት፤ ባሏ ሲሞት የፊት ክፍሏን ምግብ ቤት አድርጋ፣ ለወደብ ሠራተኞችና ከአገር ቤት ለሚመጡ የጭነት መኪና ሹፌሮች ሽሮና ምስር ታቀርባለች። አንድ ቀን ሳህን እያነሳች፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር አጠገብ ኖሬ ባሕር ውስጥ ያለውን ሳላይ ልሞት ነው ብላ ሳቀች። ለጨዋታ ነው ያለችው። ተክሌ ግን ነገሩን ይዞት ሄደ። አንድ የተዘጋ ኬክ ቤት፣ ሞተሩ የተቃጠለ የኬክ ማሳያ ፍሪጅ ሰጥቶት ስለነበር መስታወቶቹን ፈታ፤ በሲሊኮን አጣብቆ ገንዳ ሠራ። ከባሕር ዳር አሸዋና ድንጋይ አመጣ፤ ከአንድ ጠላቂ ደግሞ ነጭ መቀነት የታጠቁ ብርቱካናማ ዓሦችና ጥቂት ሰማያዊ ዓሦች አገኘ። ገንዳውን የፊት ክፍሉ ግድግዳ ሥር አቆመው። ፈረንሳዮቹ አኳሪዮም የሚሉት ነው፤ ሰብለወርቅ ግን ባሕሬ አለችው። እሷን ለማስደሰት ብሎ እንደ ሠራው ተክሌ ለራሱም አልነገረም።

ዓሣውን ማምጣት ቀላል ነበር፤ ከባዱ ውሃውን ማቀዝቀዝ ነው። አገር ቤት ክረምት ገባ ተብሎ ጃንጥላ ሲወጣ፣ ጅቡቲ ላይ ኻምሲን የሚሉት ንፋስ ከበረሃ ይነሳና ከተማዋን እንደ ዳቦ ይጋግራታል። ከኢትዮጵያ የሚመጣው የመብራት መስመር ያኔ ገና አልተዘረጋም፤ መብራት ሲያሻው ይሄዳል፣ ሲያሻው ይመጣል። ሰፊው ባሕር ቢሞቅ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በክንድ የሚለካ ገንዳ ውስጥ ያለ ዓሣ ግን ወዴት ይወርዳል? ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ይሞታል።

ይህ ለተክሌ የተፈጠረ ጨዋታ ነበር። ከተጣሉ ኮምፒዩተሮች የፈታቸውን ትንንሽ ማራገቢያዎች የገንዳው አፍ ላይ አሰረ። ያላበው ሰው ንፋስ ሲነካው እንደሚቀዘቅዘው ሁሉ፣ ውሃም ንፋስ ከላዩ ሲያልፍ እየተነነ ይቀዘቅዛል። ጎንና ጎኑን በእርጥብ ጆንያ ሸፈነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰብለወርቅ ፍሪዘር ውስጥ፣ በውስጣቸው ያለው ውሃ በረዶ የሆነ፣ ክዳናቸው የጠበቀ የፕላስቲክ ጠርሙሶች እያወጣ ውሃው ላይ ያንሳፍፋል። አንዱ ሲሟሟ በሌላ ይተካዋል እንጂ በአንድ ጊዜ አያበዛም፤ ድንገተኛ ብርድም ዓሣ ይገድላልና። ቴርሞሜትሩን ሲገባ ያየዋል፣ ሲወጣ ያየዋል፣ ጉርሻ በአፉ ይዞም ያየዋል። ውጭ አስፋልቱ ሲቀልጥ የገንዳው ውሃ ሃያ ሰባት ዲግሪ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሹፌሮቹም ከዓሦቹ ይልቅ ቁጥሩን ሊያዩ ይመጡ ጀመር። እኛ ከምናድርበት ይልቅ እነሱ የሚያድሩበት ይሻላል ይላሉ። ተክሌ አንገቱን ያቀረቅራል።

ታዲያ ንፋሱ ውሃውን እያቀዘቀዘ ያጎድለውም ነበር። ገንዳው በየቀኑ በጣት በጣት ይወርዳል። ተክሌም ሲየስታ ከሚባለው ባሕር ዳር በጀሪካን እየቀዳ ይሞላዋል። የባሕር ዓሣ የሚኖረው በባሕር ውሃ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ ደጅ ነው፣ ለማንም ክፍት ነው። ሌላ ምን ይጨመርበታል? ባሕር አጠገብ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲሁ ባደረገ ነበር።

በዚያው ዓመት ሰብለወርቅ ቤት ሙንተሃ የምትባል ልጅ ዕቃ ታጥብ ነበር። ከከሚሴ ናት። እንደ ብዙዎቹ እኩዮቿ በኦቦክ ወደብ በኩል በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ልትሻገር ነው የመጣችው። ሙሐመድኑር የሚባሉ ያገሯ ሰው፣ ማዕከላዊ ገበያው አጠገብ ልብስ የሚሰፉ ሽማግሌ፣ አገኟት። ባሕሩ ስንቱን እንደ በላ ነገሯት፤ ዋስ ሆነውም ሰብለወርቅ ቤት አስገቧት። እዚያ እስከ ሠራች ድረስ ጀልባ ላይ እንደማትወጣ ለእሳቸውም ለእናቷም ቃል ሰጠች። እንግዲህ ሥራዋ ማለት ይህ ነበር፤ ሥራው ካለ ምድር ላይ ናት፣ ከሌለ ባሕር ላይ።

ነሐሴ ሲጋመስ ዓሦቹ ፈዘዙ። ምግብ ተዉ፤ ጥግ ይዘው ያለከልኩ ጀመር። ተክሌ ወደ ቴርሞሜትሩ ሮጠ፤ ሃያ ሰባት ይላል። ቢሆንም ሌላ ማራገቢያ ጨመረ። ውሃው ይበልጥ ጎደለ፤ እሱም ይበልጥ ሞላ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲመጣ ብርቱካናማዎቹ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል፤ ሰማያዊዎቹ አሸዋው ላይ ወድቀዋል። ቴርሞሜትሩ አሁንም ሃያ ሰባት ነው።

ምሳ ሰዓት ነበርና ቤቱ ሞልቷል። አንድ ሹፌር፣ ተክሌ በረዶ፣ ምነው፣ ብርድ መታቸው እንዴ ሲል ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ተክሌ በሌላው ሥራ ሲሳቅ ለምዷል፤ በእሱ ሥራ ሲሳቅ ግን ሰምቶ አያውቅም። ያኔ ዓይኑ ሶኬቱ ላይ ዐረፈ። የማራገቢያዎቹ ገመድ ከተሰካበት አጠገብ ባለው ቀዳዳ ሙንተሃ የስልኳን ቻርጀር ስትሰካ ከጥቂት ቀን በፊት አይቷት ነበር። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገጣጠመለት። ማራገቢያውን ነቅላ ስልኳን ሰክታለች፤ ውሃው ሞቆ ዓሦቹ ሞተዋል፤ መልሳ ስትሰካው ቀዝቅዟል፤ ቁጥሩ ሃያ ሰባት የሆነውም ለዚያ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው፤ ለእሱ ግን ከመስታወቱ ይልቅ የጠራ ነበር። ከጓዳ ጠርቶ በሰው ፊት ጠየቃት።

«አልነቀልኩም፣ ጋሼ» አለች። «ባዶው ላይ ነው የሰካሁት።»

«ታዲያ ማን ገደላቸው? እኔ?»

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሰብለወርቅ ዞረ።

ከዚያ ያለው አጭር ነው። ሰብለወርቅ ልጅቷን ታምናት ነበር። ነገር ግን በዚያ ሙቀት ፍሪጇም ፍሪዘሯም የቆሙት በተክሌ እጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ይህች ልጅ ያለችበት ቤት እጄን አላስገባም ብሎ ፎክሯል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መልሶ ሊውጠው አልሆነለትም። ሙንተሃ በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ዋስ የነበሩት ሙሐመድኑር አፈሩ፤ ለእናቷም ደውለው ልጅሽ የሰው ንብረት አጥፍታ ከሥራ ወጣች አሏት። እናትየዋም ለልጇ፣ ሰው ቤት ሰድጄሽ አሰደብሽኝ፤ ስምሽን እንዲህ አድርገሽ ደጄ እንዳትደርሺ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ተክሌ ገንዳውን ሊያጥብ ባዶ ማድረግ ጀመረ። ማራገቢያዎቹን ሲፈታ ክንፎቻቸው ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮ አየ። ስንት ሳምንት ሙሉ አቧራ ነው እያለ በጨርቅ ሲጠርገው የከረመው ነገር ነው። የመስታወቱም ከንፈር እንዲሁ ነጥቷል። ባልዲውን ሲያነሳ ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨና ሳያስበው ከንፈሩን ላሰ። ምላሱ ተኮማተረ።

ለማንም ሳይናገር ሲየስታ ወረደ። ቁጢጥ ብሎ ከባሕሩ በእፍኙ ጨልፎ ቀመሰ። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ሳቁበት። ከእሱ ገንዳ ጋር ሲያስተያየው ባሕሩ የምንጭ ውሃ ሆነበት። ያን ጊዜ አሳል ሐይቅ ትዝ አለው። የጅቡቲ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የባሕር ውሃ ወደ አሳል ይሰርጋል፤ ፀሐይና ንፋስ ውሃውን ይጠጡታል፤ ጨው ግን አይተንምና እዚያው ይቀራል። ከዘመን ብዛት ዳርቻው ነጭ ድንጋይ ሆነ፤ ዓሣም አይኖርበትም። ተክሌ ራሱ እዚያ ድረስ ወርዶ ፍሪጅ ጠግኗል፤ ጨዉን ረግጦ ሄዷል። ከገንዳው የጎደለው ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ነበር፤ መተካትም የነበረበት በንጹሕ ውሃ ነበር። እሱ ግን በጨው ላይ ጨው ሲደርብ ከረመ። ዓይኑን ከቴርሞሜትሩ ሳይነቅል ሰብለወርቅ ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ አሳል ሠራ። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ ልጅቷም አልዋሸችም።

አፈረ። ማንም ሳያየው፣ ባሕር ዳር ቁጢጥ እንዳለ፣ ጆሮው ድረስ ጋለ። ዓሦቹ አይደሉም ያሳፈሩት፤ ዓሣ ይሞታል። ያሳፈረው «እኔ?» ብሎ የጠየቀበት ድምፅ ነው። የዚያ ጥያቄ መልስ አዎ ነበር።

ያኔውኑ ሄዶ መናገር ነበረበት። ሄደም። ሰብለወርቅ ግን ገና ከበር ሳይገባ፣ ሙንተሃ ካርቲየ 6 ከሌሎች ሴቶች ጋር እንደ ተጠለለች፣ አንድ ደላላም ንፋሱ በረድ ሲል በኦቦክ በኩል ሊያሻግራቸው እንደ ቀጠራቸው ነገረችው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ሹፌሮቹ ተቀምጠዋል፤ ሰብለወርቅ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ቃሉ ተመልሶ ወረደና በምትኩ ሌላ ወጣ። ልጅ ናት፣ አሳዘነችኝ፣ ሽማግሌ ይቀመጥና ትመለስ አለ። ሰብለወርቅ እንባ አቀረረች፤ አንተ እኮ ደግ ሰው ነህ አለችው። ይህ ምስጋና ከሹፌሮቹ ሳቅ ይልቅ አቃጠለው። ቢሆንም ተቀበለው።

ዋናው ልጅቷ ከባሕር መቅረቷ ነው፣ እንዴት እንደ ቀረች ማን ይጠይቃል ሲል ራሱን አጽናና። ሽምግልና ምን እንደሆነ ረስቶት ነበር። ሽምግልና በዳይና ተበዳይ ይፈልጋል፤ ያለ በዳይ ዕርቅ የለም። ተበዳይ ነኝ ብሎ የጠራው እሱ ነው፤ እንግዲህ በዳይዋ ማን እንደምትሆን ግልጽ ነበር።

ሽማግሎቹ የአባቱ የባቡር ባልደረባ የነበሩት ባንቴና የልጅቷ ዋስ ሙሐመድኑር ናቸው። ሰብለወርቅ ቤት፣ ባዶው ገንዳ አጠገብ ተቀመጡ። ባንቴ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ሥሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዝም አለ። ሙንተሃ ስትጠየቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አልነቀልኩም አለች። ሙሐመድኑር ተቆጡ፤ ሰውዬው በደሉን ትቶ ሲመጣ አንቺ ትሟገቻለሽ፣ ጥፋት ከሌለ እኛ ለምን ተቀመጥን አሏት። ባንቴ ግን አለዘቡላት። ልጄ፣ ጎንበስ ማለት አያሳንስም፤ ጉልበቱን ሳሚና ነገሩ ይለቅ፣ ሥራሽንም ያዢ አሏት።

ሙንተሃ ቀና ብላ ተክሌን አየችው። ብዙ አላየችውም። እሱ ወለሉን አየ። ከዚያ መጥታ ተንበረከከችና እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። አፉ ይበሉኝ።»

ወጉ ይታወቃል። የተበደለው ሰው፣ የሚጎነበሰው ጉልበቱ ጋ ሳይደርስ ትከሻውን ይዞ ያነሳዋል፤ በቃ፣ ተነሥ ይለዋል። የተክሌ እጅ ግን አልታዘዝ አለው። ያላጠፋችን ልጅ ይቅር ብሎ ለማንሳት የሚሆን ፊት አልነበረውም፤ እኔ ነኝ ብሎ ለማስቆምም ልብ አላገኘም። እንዲሁ እንደ ግንድ ተቀምጦ እስክትስመው ጠበቀ። ይቅር ይበልሽ አለ። ሽማግሎቹ መረቁ፤ ሁሉም አሜን አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ብዙ ነገር ረስቷል፤ ያቺን አሜን ግን የሚረሳት አልሆነም።

ሙንተሃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ደላላውም ያለ እሷ ሄደ። ከውጭ ሲያዩት ነገሩ በሰላም አልቋል። ሰብለወርቅ ባሕሬ ባዶ አይሁን ስላለች ተክሌ ከጠላቂው አዳዲስ ዓሦች አመጣ። ልጅቷ ግን ገንዳው አጠገብ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብስባ፣ የወዲያኛውን ግድግዳ ተጠግታ ሆነ። ጠረጴዛ ስትወለውል ገመዱ ባለበት በኩል እጇን አትሰድም። ስልኳን ሙሐመድኑር ሱቅ ድረስ ሄዳ ትሞላለች። ሹፌሮቹ ነቃይዋ የሚል ስም አወጡላት፤ ነቃይዋ፣ ውሃ አምጪ፣ ነቃይዋ፣ ሚጥሚጣ ጨምሪ ይሏታል። ለክፋት አይደለም፤ ሹፌር ስም ካላወጣ እንጀራ አይወርድለትም። ተክሌ ይህን በሰማ ቁጥር ጉርሻው አፉ ውስጥ ይቆማል። ሌላ ቤት ሄዶ ልብላ ብሎ አሰበ፤ ግን የዓሦቹን ገንዳ ማን ይሞላል?

አሞላሉን አሁን ለውጦታል። ሰዉ ምሳውን በልቶ፣ ጫት ገባ ሲባል ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ ሰብለወርቅ ለመጠጥ ካስቀመጠችው የተጣራ ውሃ በጆግ ይቀዳና፣ ግራ ቀኙን አይቶ ገንዳው ውስጥ ቀስ አድርጎ ያንቆረቁረዋል። በገዛ እጁ የሠራውን ገንዳ እንደ ሌባ ይሞላ ነበር። በሰው ፊት ቢሞላው፣ ለምን ለወጥከው የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ጥያቄው ከመጣ ሌላውም ሁሉ ይከተላል።

አንድ ቀን ጆጉ ገና በእጁ እያለ ከኋላው ድምፅ ሰማ። ሙንተሃ ናት፤ የዕቃ ጨርቅ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመጠጥ ውሃ ነው» አለችው። «ተሳስተው ይሆናል። ዓሦቹ ቢሞቱ በእኔ ነው የሚመጣው። እባክዎን ይተዉት።»

እየለመነችው ነው። ለዓሦቹ ብላ አይደለም፤ ዳግመኛ ሽማግሌ እንዳይቀመጥባት ፈርታ ነው። ተክሌ ጆጉን አስቀመጠ። አሁንም ቢሆን አንድ ሰበብ አይጠፋውም ነበር፤ ዓሣ አልፎ አልፎ ንጹሕ ውሃ ያስፈልገዋል ቢላት ታምነዋለች። ግን ያ ፍርሃቷ የእሱ እጅ ሥራ ነበር፤ እንደ ሠራው ፍሪጅ ሁሉ አወቀው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ ንፋሱ፣ ስለ ጨዉ፣ በጀሪካን ስለ ሞላው የባሕር ውሃ ነገራት። ማንም ምንም አልነቀለም አላት። ጨው ነው የገደላቸው፤ ጨዉንም የጨመርኩት እኔ ነኝ አላት።

እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«መቼ አወቁ?»

የጠየቀችው ምን እንደሆነ ገብቶታል። በእነዚህ ቀናት ነው ቢላት የተሳሳተ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ምሕረት አያጣም። የሚያጋልጠው ማንም አልነበረም።

«ሽማግሌ ሳይቀመጥ» አላት።

«ጉልበትዎን ስስም ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸችም። የያዘችውን ጨርቅ ወንበሩ ጀርባ ላይ አነጠፈችና ጠርዙን አስተካከለች። የእናቴ ደጅ የተዘጋብኝ በእርስዎ ቃል ነው አለችው። የፈረዱብኝ ሰዎች ባሉበት፣ በእርስዎ አፍ ለእናቴ ይንገሯት፤ ወደ አገሬ እገባለሁ። ካልነገሯት ግን ነቃይዋ እየተባልኩ እዚህ አልኖርም፤ ደላላው ተመልሶ መጥቷል፤ ባሕሩ ይሻለኛል። ይህን ብላ ወደ ዕቃዋ ተመለሰች።

ያን ዕለት ተክሌ ራሱ ሄዶ ባንቴንም ሙሐመድኑርንም ለነገ ምሳ ጠራ። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም፤ ባንቴ ድግስ መስሏቸው መረቁት። በማግስቱ ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቶ ሳለ፣ ሙንተሃ ደውላ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ሰጠችው። እሱም ቆመ። ሹፌሮቹ መብላታቸውን አላቆሙም። ተክለወልድ ነኝ፣ የጅቡቲው፣ የዓሦቹ ባለቤት አለ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም፤ እናትየዋ ቀደመችው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት?» አለች። «ድምፅዎን ያሰማኝ አላህ ይመስገን። የልጄን ጥፋት ችለው፣ ከባሕር አትርፈው ወደ ሥራዋ እንደ መለሱልኝ ሙሐመድኑር ነግረውኛል። ክፉ አይንካዎ። ዕድሜ ይስጥዎ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ባይኖር የእኔ ልጅ…»

ምርቃቱ ቀጠለ። ወሎ ሲመርቅ ይታወቃል፤ ትንፋሽ መግቢያ የለውም። ሳታውቅ ለሞተችው ሚስቱ ጤና ለመነችላት፣ ለእጁ ሥራ በረካ ለመነችለት፣ ላልወለዳቸው ልጆች ዕድሜ ለመነችላቸው። ተክሌ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ማንኪያዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ ቤቱ ሁሉ ይሰማ ጀመር። ሰብለወርቅ ደግነቱ ሲነገርለት ከጓዳ ወጥታ ፈገግ ብላ ቆመች። ያን ፈገግታ ባያይ ይመርጥ ነበር።

«እኅቴ» አለ፤ ድምፁ ሰለለ፤ ደግሞ ጠራት። «እኅቴ፣ አይመርቁኝ። ልጅዎ ምንም አላጠፋችም። ዓሦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ ባለማወቅ ጨው አብዝቼባቸው ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥ ግን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

የሰብለወርቅ ፈገግታ ጠፋ።

«ታዲያ ልጄ ጉልበትዎን ስትስም ምን አሏት?» አለች እናትየዋ።

«ይቅር ይበልሽ አልኳት።»

ይህን ሲል የገዛ ጆሮው ሰማው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ ዝም ማለቱን የሆነ ስም ይሰጠው ነበር፣ ለዚህ ግን ስም አላገኘለትም። እናትየዋ ልጄን አቅርብልኝ አለች፤ እርስዎ ማለቷን ትታለች። ስልኩን ለሙንተሃ ሰጣት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብዙ ሰማች፤ እሺ እማ፣ እመጣለሁ፣ እሺ፣ በዚህ ሳምንት እመጣለሁ አለች።

መጀመሪያ የተነሡት ባንቴ ናቸው። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ሙሐመድኑር ነገሩን ደግመው እስኪነግሯቸው ቆይተዋል። ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ ልጄ፣ ሳናጣራ አስጎነበስንሽ፣ የሽማግሌ ሐፍረት ነው እያሉ ወደ እሷ ሄዱና ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ሙንተሃ ስልኩን ጥላ ሮጠች፤ ገና ሳይወርዱ ሁለት ትከሻቸውን ይዛ አቆመቻቸው። አይሆንም አባባ፣ በአላህ፣ እርስዎ ምን አጠፉ አለቻቸው። ሙሐመድኑርንም እንዲሁ ከወንበራቸው ሳይነሡ ከለከለቻቸው።

ከዚያ ተክሌ መጣ። በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲያልፍ ሹፌሮቹ እግራቸውን ሰበሰቡለት። ፊት ለፊቷ ቆመ። አፉ በይኝ አለና ጉልበቱን አጠፈ፤ ሲያጥፍ ሳያስበው ትከሻው እጇን ጠበቀ። ሙንተሃ እጇን አልዘረጋችም። ጉልበቱ መሬት እስኪነካ ድረስ ቆማ አየችው።